መድኃኒት መኖሩና መድኃኒት መድረሱ
(ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና መስፋፋትና ስለ መንግሥታት ድርሻ የቀረበ አጭር ጥናት)



ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሲነሳ አብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በክበብና በሰልፍ ላይ የሰማነው በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍና እንዴት መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ስለ ሕክምናው ነው። ለመሆኑ መድኃኒቱ ከየት መጣ? ማን ገዛው? እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ማን አደረሰው? በነፃ የሆነውስ በማን ውሳኔ ነው? ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህን ቢጠይቀን መልሱን ይዘን መገኘት አለብን።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። መድኃኒት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት ለሕመምተኛው መድረሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በዋናነት የሚጠርገው የየአገሩ መንግሥት ነው። መንግሥት ቆርጦ በተነሳበት አገር ሰው ተረፈ፤ መንግሥት ባመነታበት አገር ሰው አለቀ። ይህንን ለማስረዳት የብራዚልን፣ የደቡብ አፍሪካንና የአገራችንን ታሪክ እንመለከታለን። በመጨረሻም ከመምህሩ የሚጠበቀውን እናነሳለን። ዘመኖቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ኤች.አይ.ቪ. በሽታ የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሕዋሳት እያጠቃ የሚባዛ ቫይረስ ነው። ካልታከመ በዓመታት ውስጥ የሰውየውን የመከላከል አቅም ያደክመዋል። ከዚያ በኋላ የሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም በሽታዎች በቀላሉ ይጥሉታል። ኤድስ የምንለው ይህንን ደረጃ ነው።

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው በ1981 በአሜሪካ ነው። ቫይረሱን በ1983 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አገኙት። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኤ.ዜድ.ቲ. የሚባለው፣ በ1987 ተፈቀደ። ግን ብቻውን ብዙ አላራመደም፤ ለምን ቢባል ቫይረሱ አንድን መድኃኒት ብቻውን ሲያገኘው ቶሎ ይላመደዋል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1996 ነው። ይኸውም ሦስት መድኃኒቶችን ባንድ ላይ መስጠት ነው። ሌባ ባንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው እንዳያመልጥ ሦስቱንም በር ባንድ ጊዜ እንደ መዝጋት ማለት ነው። የአልጋ ቁራኛ የነበሩ ሕመምተኞች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሕዝባችን «ዕድሜ ማራዘሚያ» ያለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

ሀ) መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል እንጂ ጨርሶ ከሰውነት አያስወጣውም። ስለዚህ በየቀኑ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል።

ለ) እየወሰደ እያቋረጠ የሚቀጥል ሰው ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ሐ) በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚቆይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። እንግዲህ ሕክምናው ራሱ መከላከያም ነው ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ይህ ሕክምና እንደ ወባ ክኒን ለሦስት ቀን ተውጦ የሚተው አይደለም። አንድ አገር ለሃያ፣ ለሠላሳ፣ ለአርባ ዓመት አንድም ወር ሳታጓድል ማቅረብ አለባት። ይህን ያህል ረጅም ጉዞ ነጋዴ ወይም በጎ አድራጊ ብቻውን አይዘልቀውም። የመንግሥት ሥራ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

2. ብራዚል፦ በሕግ የጀመረች አገር

ብራዚል በዚያን ጊዜ ዕዳ የተጫናት፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ሰፊ ልዩነት ያለባት አገር ነበረች። ይሁን እንጂ በ1988 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ጤና የዜጎች ሁሉ መብትና የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ሕመምተኞችና የሙያ ሰዎች ይህንኑ አንቀጽ ይዘው መንግሥትን ወተወቱ፤ ፍርድ ቤትም ሄዱ። በ1991 ኤ.ዜድ.ቲ. በነፃ መታደል ጀመረ። በ1996 ኖቬምበር ወር ደግሞ ሕግ ቁጥር 9313 ወጣ። ሕጉ ማንኛውም ሕመምተኛ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ከመንግሥት የጤና አገልግሎት በነፃ እንዲያገኝ ያዛል። ዓመቱን ልብ በሉ! ሦስቱን መድኃኒት ባንድ ላይ መስጠት በተጀመረበት በዚያው ዓመት ነው። ብዙ የውጭ ባለሙያዎች ግን «በድሃ አገር መከላከል እንጂ ማከም አይታሰብም» ይሉ ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ብራዚል ሁለት መንገድ ተጠቀመች። አንደኛ፣ በአገሯ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያልተሰጠባቸውን መድኃኒቶች በመንግሥት ፋብሪካዎች አመረተች። ሁለተኛ፣ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር በዋጋ ጠንክራ ተከራከረች። በ2007 የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤፋቪረንዝ የተባለውን መድኃኒት ሜርክ የተባለው ኩባንያ አንዱን ፍሬ በ1 ዶላር ከ59 ሳንቲም ያቀርብ ነበር። ከሕንድ ግን በ45 ሳንቲም ገደማ ይገኝ ነበር። ድርድሩ ስላልሰመረ የፕሬዚዳንት ሉላ መንግሥት በሜይ ወር የግዴታ ፈቃድ አወጣ። የግዴታ ፈቃድ ማለት የፈጠራው ባለቤት ባይስማማም መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል መድኃኒቱ በሌላ አምራች እንዲሠራ ወይም ከሌላ አገር እንዲገባ የሚያዝበት ሕጋዊ ሥልጣን ነው። ለባለቤቱም የተወሰነ ክፍያ ይሰጠዋል እንጂ ዝርፊያ አይደለም።

እስቲ እናስላው። መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ ነው። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ነው። በ365 ቀን ሲባዛ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 416 ዶላር ይተርፋል። ይህ ትርፍ በብዙ ሺህ ሕመምተኞች ሲባዛ የስንት ሰው መድኃኒት እንደሚሆን አንባቢ ይፍረድ።

3. ዋጋው እንዴት ወረደ?

በ2000 የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በዚህ ዋጋ እንኳን ገበሬ፣ ሐኪሙ ራሱ ቢታመም መግዛት አይችልም። ዋጋው የወረደው በነጋዴዎች ርኅራኄ ሳይሆን በመንግሥታት ሕግ፣ በሕመምተኞች ትግልና በውድድር ነው።

የሕንድ መንግሥት በ1970 ባወጣው ሕግ ለመድኃኒት ውጤት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አይሰጥም፤ መብት የሚሰጠው ለአሠራሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሕንድ ፋብሪካዎች አንዱን መድኃኒት በሌላ አሠራር ማምረት ቻሉ። ይህ ሕግ እስከ 2005 ድረስ ሠርቷል። በ2001 ፌብሩዋሪ የሲፕላ ኩባንያ ኃላፊ ዩሱፍ ሐሚድ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት በ350 ዶላር እንደሚያቀርብ አስታወቀ። በቀን ከአንድ ዶላር ያነሰ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች ሚኒስትሮች በዶሃ ተሰብስበው፣ የፈጠራ መብት ስምምነቱ መንግሥታት የሕዝባቸውን ጤና እንዳይጠብቁ ሊያግዳቸው እንደማይገባ አወጁ።

ዛሬ ሦስቱ መድኃኒቶች ባንድ ክኒን ተጠቃለው የአንድ ሰው የዓመት ዋጋ ከ45 ዶላር በታች ወርዷል። ከ10 ሺህ ወደ 45! ከሁለት መቶ እጅ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ነገር ግን ርካሽ መድኃኒት በመጋዘን ተቀምጦ ሰው አያድንም። ይህንን ከሚቀጥለው ታሪክ እንረዳለን።

4. ደቡብ አፍሪካ፦ ማመንታት ያስከፈለው ዋጋ

በ1997 በፕሬዚዳንት ማንዴላ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ አወጣች። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ተባብረው ከሰሷት። የዓለም ሕዝብ ስለጮኸባቸው በ2001 አፕሪል ክሳቸውን አነሡ። መንግሥት አሸነፈ፤ ሕመምተኞቹ ግን ገና መድኃኒቱን አላዩትም ነበር። ከማንዴላ ቀጥሎ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የኤድስ መንሥኤ ኤች.አይ.ቪ. ብቻ መሆኑን ተጠራጠሩ። የጤና ሚኒስትራቸው ማንቶ ቻባላላ ምሲማንግም መድኃኒቱን መርዝ ነው እያሉ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ያወድሱ ነበር። መድኃኒቱ ርካሽ ሆኖ፣ አገሪቱ ገንዘብና ሆስፒታል እያላት፣ ሕዝቡ በየቀኑ ይቀበር ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ መምህራን ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ሕፃን አለ። ስሙ ንኮሲ ጆንሰን ይባላል። ቫይረሱ ከተወለደ ጀምሮ በደሙ ውስጥ ነበረ። በ1997 አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊመዘግበው አመነታ። ጉዳዩ አገር አንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በኋላም በትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለው አድልዎ እንዲከለከል ምክንያት ሆነ። በ2000 በደርባን በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የ11 ዓመቱ ንኮሲ ቆሞ መንግሥት ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት እንዲሰጥ ተማጸነ። በሚቀጥለው ዓመት በ12 ዓመቱ ዐረፈ።

መንግሥትን ወደ ሥራ ያስገባው የሕዝብ ግፊትና ፍርድ ቤት ነው። በ1998 የተቋቋመው የሕክምና ዘመቻ ማኅበር መንግሥትን ከሰሰ። በጁላይ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲሰጥ ፈረደ። በ2003 መጨረሻ ብሔራዊው የሕክምና ዕቅድ ጸደቀ፤ በ2004 እደላው ተጀመረ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 በነበረው መዘግየት ምክንያት ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሞቱ ገመቱ።

ይኸው አገር በኋላ መንገዱን ሲለውጥ ምን ሆነ? ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ከአምስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ በመድኃኒት ላይ አላት፤ ከዓለም ትልቁ ፕሮግራም ነው። አብዛኛውንም ወጪ ከራሷ በጀት ትከፍላለች። አገሩም ቫይረሱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የመንግሥት ውሳኔ ነው።

5. አገራችን፦ ሐኪም ሳይበዛ እንዴት ተደረሰ?

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1984 በተሰበሰበ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በ1986 ታዩ። በ1998 ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ። መድኃኒቱ በ2003 ሲገባ በክፍያ ስለነበረ ለደመወዝተኛው እንኳን ከባድ ነበር። በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ በአመዛኙ የመጣው ከዓለም አቀፉ የግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት የፔፕፋር ዕርዳታ ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን መድኃኒት አያውጥም። የሐኪሞቻችን ቁጥር ትንሽ ነበር፤ ሕዝባችን ደግሞ በገጠር ተበትኖ የሚኖር ነው። ስለዚህ መንግሥት ሥራውን ከሐኪም ወደ ጤና መኮንንና ወደ ነርስ፣ ከትልልቅ ሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ አወረደው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን መደበ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ እንደኛው 10ኛ ክፍልን ጨርሰው የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከቤት ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሯን ወደ ምርመራ፣ ያቋረጠውን ወደ ቀጠሮው መለሱ። የመድኃኒት ግዥና ሥርጭትንም የሚያካሂድ የመንግሥት ኤጀንሲ በ2007 ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ማለት ነው።

መንግሥት ብቻውን የማይፈታው ነገርም ነበረ። ብዙ ሕመምተኛ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ደገፉ። እንዲህ ያለውን ቃል ከጤና ሚኒስቴር ከመስማት ከአባት መስማት ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ይደመጣልም። ብልህ መንግሥት የሚደመጠውን ሰው አጠገቡ ያቆማል።

ዛሬ በአገራችን 600 ሺህ ገደማ ወገኖች ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ። አብዛኞቹ መድኃኒት ላይ ናቸው፤ ይሠራሉ፣ ያርሳሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያስተምራሉም።

6. ባጭሩ የመንግሥት ሥራ ምንድን ነው?

ከሦስቱ አገሮች ታሪክ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች እናወጣለን።

ሀ) ሕግ ማውጣት፦ ሕክምናን መብት ማድረግ፣ አድልዎን መከልከል፣ የመድኃኒት ንግድን ለሕዝብ ጥቅም መግራት።

ለ) ዋጋ መደራደርና ባንድ ላይ መግዛት፦ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሲገዛና አገር በሙሉ ሲገዛ ዋጋው አንድ አይደለም።

ሐ) ማድረስ፦ መጋዘን፣ መኪና፣ መዝገብ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ። በአንድ ወረዳ ለአንድ ወር መድኃኒት ቢቋረጥ የዓመታት ድካም ይበላሻል።

መ) ሰው ማሠልጠን፦ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠብቁ ያለውን ባለሙያ አሠልጥኖ ማሰማራት።

ሠ) እውነቱን ለሕዝብ መንገር፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለመሪም ይሠራል።

7. የገንዘቡ ጥያቄ

እዚህ ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። በ2001 የአፍሪካ መሪዎች በአቡጃ ተሰብስበው ከመንግሥት በጀታቸው ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። አብዛኞቹ አገሮች እዚያ አልደረሱም። ክፍተቱን የሸፈነው የውጭ ዕርዳታ ነው። ዕርዳታው የሚሊዮኖችን ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባንድ ጊዜ ሲያግድ ምን ያህል በሌላው እጅ ላይ እንደነበርን ታየ። ሕይወት አድን ሕክምና እንዲቀጥል ወዲያው ቢፈቀድም፣ በአገራችን በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ አለ፤ የሚቆጥረው፣ የሚመዘግበው፣ የቀረውን የሚፈልገው ሰው ግን ከሥራ ወጣ።

ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በዓመት በዓመት በሚታደስ ዕርዳታ ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም። የክኒኑ ዋጋ 45 ዶላር በወረደበት ጊዜ እያንዳንዱ መንግሥት ቢያንስ የዋናውን መድኃኒት ግዥና የሠራተኛውን ደመወዝ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ በጀት ማስገባት አለበት። ዕርዳታ ምርኩዝ ይሁን እንጂ እግር አይሁን።

8. ታዲያ የመምህሩ ድርሻ ምንድን ነው?

«ይህ ሁሉ የሚኒስትሮችና የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በጣም ያገባናል። በ2023 መጨረሻ በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል ከመቶ 77ቱ ሕክምና ሲያገኙ፣ ከ15 ዓመት በታች ካሉት ልጆች ግን ያገኙት ከመቶ 57ቱ ብቻ ናቸው። ሕፃን ራሱ ሄዶ አይመረመርም፤ ክኒኑንም ራሱ አያስታውስም። በአዋቂ እጅ ላይ ነው ያለው። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ነገ በምንመደብበት ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊታችን በአግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። የመንግሥት መንገድ እስከ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፤ ከጤና ጣቢያው እስከ ልጁ ያለው መንገድ ግን ባንድ በኩል በትምህርት ቤት ያልፋል። ስለዚህ፦

ሀ) ምስጢር እንጠብቅ። ወላጅ ወይም አሳዳጊ የነገረንን ለሥራ ባልደረባ እንኳን አንናገርም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተወራ ነገር ማታ መንደር ውስጥ ይገባል።

ለ) በየጊዜው የቀጠሮ ቀን ያለው ልጅ ሲቀር በሰልፍ ላይ «የት ነበርክ?» ብለን አናፋጠው። ያለፈውን ትምህርት በዝምታ እናካክስለት።

ሐ) አንደበታችንን እንግራ። ሰውን በበሽታ ስም መጥራትን ክፍላችን ውስጥ አንፍቀድ። ልጅ በፌዝ ምክንያት ክኒኑን ይደብቃል፤ የደበቀ ደግሞ ያቋርጣል።

መ) ትክክለኛውን እናስተምር። አብሮ መብላት፣ መጫወትና መቀመጥ ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ፣ በአግባቡ የታከመ ሰው ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር እንንገር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የክኒኑን ዋጋ፣ በኅብረተሰብ ትምህርት የበጀትን ነገር አንሥተን ማስላት እንችላለን።

ሠ) በቀበሌያችን ካለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር እንተዋወቅ። ወላጅ አልባ ልጅ ሲደክም፣ ሲከሳ፣ ደጋግሞ ሲያስል የሚያየው መጀመሪያ መምህሩ ነው።

9. የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ) መድኃኒት እያለ ሕዝብ ሊያልቅ የሚችልበትን ምክንያት ከደቡብ አፍሪካ ታሪክ በመነሣት አስረዱ።

2ኛ) የግዴታ ፈቃድ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም? የፈጣሪውን መብትና የሕመምተኛውን ሕይወት በማመዛዘን ተከራከሩ።

3ኛ) አንድ ወረዳ 800 ሕመምተኞች ቢኖሩት፣ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒትም 45 ዶላር ቢሆን፣ የወረዳው የዓመት ወጪ ስንት ነው? ከመድኃኒቱ ዋጋ ውጪ ምን ምን ወጪ ይኖራል?

4ኛ) አንድ ወላጅ «ልጅህ ቫይረሱ ካለበት ልጅ ጋር አይቀመጥ» እንዲሉት ጎረቤቶች እንደገፋፉት ቢነግራችሁ፣ እንደ ክፍል ኃላፊ መምህር ምን ትመልሳላችሁ?

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይላሉ አበው። ክኒኑን ፋብሪካ ይሠራዋል፤ መንግሥት ይገዛዋል፣ ያደርሰዋልም። ልጁ ሳያፍርና ሳይፈራ እንዲውጠው ማድረግ ግን የየዕለት ሥራ ነው፤ እሱም የኛ ነው። በጽሑፉ ላይ አስተያየት ወይም ተቃውሞ ያላችሁ ጓደኞቻችን ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡን፤ በሚቀጥለው ዕትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።